የወቃሪዋ ዱቄት

ወፍጮ ቤት ውስጥ ፍቅር አይያዝም የሚል ሰው ካለ፣ ወፍጮ ቤት ገብቶ አያውቅም ማለት ነው። ሞተሩ ሲጮህ ሰው የሚግባባው በዓይኑ ነው። «ተራህ ደርሷል»፣ «ቆይ»፣ «ጨምር»፣ «ይበቃል» የሚባለው ሁሉ በቅንድብና በአገጭ ነው። ሁለት ወጣቶች ወር ከወር እንዲህ በዓይን ሲነጋገሩ ከርመው ነገሩ እዚያው ይቀራል ብሎ የሚጠብቅ ሰው የዋህ ነው።

ልጅቷን ሰፈርተኛው «ወቃሪዋ» ይላታል። የወፍጮ ድንጋይ ሲፈጭ ሲፈጭ ይለሰልሳል። የለሰለሰ ድንጋይ ደግሞ እህሉን ያሞቀዋል እንጂ አይፈጨውም፤ ዱቄቱም ይሸታል። ስለዚህ የላይኛው ድንጋይ ይነሣና የሁለቱም ድንጋዮች ፊት በመዶሻ እየተነቆረ እንደገና እንዲሻክር ይደረጋል። መወቀር ማለት ይኸው ነው። ድሮ ይህን የሚሠሩት አባቷ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን የድንጋይ ፍንጣሪ ሲመታው የኖረ ዓይናቸው እየደከመ ሲመጣ ግን ወፍጮውን ሸጠው ለመገላገል አሰቡ። ወንድ ልጅ የለኝ፣ ለማን ላቆየው ነው አሉ። ልጅቷ ያኔ ትምህርቷን ልትጨርስ ትንሽ ነበር የቀራት። ለእኔ አሳየኝ አለቻቸው። አባቷ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

መጀመሪያ ሰሞን መሣቂያ ሆነች። ሴት ልጅ ድንጋይ ስትደበድብ ለማየት ብቻ ባዶ ጆንያ ታቅፎ የሚመጣ ሰው ነበር። ጣቷን መታች፣ ጥፍሯ ጠቆረ፣ ድንጋዩንም አንዴ ክፉኛ አበላሸችው። አባቷ በመዳፋቸው እየዳሰሱ እዚህ ጋ ጠልቋል፣ እዚህ ጋ ደግሞ ዘለሽዋል እያሉ አረሟት። ቀስ በቀስ ዱቄቷ ስም አወጣ። የሰፈሩ እናቶች ቆንጠር አድርገው በሁለት ጣታቸው መካከል ያሹትና ያለ አንድ ቃል እርስ በርስ ይተያያሉ። ከዚያ ወዲህ ባዶ ጆንያ ይዞ የመጣ የለም።

ብቻዋንም አልቀረችም። ታናሽ እህቷ ሞተሩን ያዘች። ሁለት የጎረቤት ሴት ልጆች ደግሞ አንዷ ሚዛኑን፣ አንዷ ቋቱን፣ ማለትም ዱቄቱ የሚወርድበትን ሳጥን ያዙ። ጠዋት የምትማረው ከሰዓት ትሠራለች፣ ከሰዓት የምትማረው ጠዋት። ሚዛን የያዘችው ልጅ ትምህርቷን አቋርጣ ሰው ቤት ልትቀጠር ጓዟን ጠቅልላ የነበረች ናት። ዛሬ ደብተሯንም ጫማዋንም ራሷ ትችላለች፤ እናቷ ስለ እሷ ስታወራ ድምጿ ከፍ ይላል። እኔ በዚያ በር ባለፍኩ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ለምን እደብቃለሁ?

ወደ ልጁ እንምጣ። በገበያው ከተማ ያለው ትልቁ የመብራት ወፍጮ የአባቱ ነው። ስለዚህ እሱም «የባለመብራቱ ልጅ» ነው። መጀመሪያ የመጣው አባቱ ልከውት ነበር፤ ደንበኞቻችን ወዴት ነው የሚሄዱት፣ እስቲ በዓይንህ አይተህ ና ብለውት። በዓይኑም አየ። ሽፋሽፍቷ ነጭ ሆኖ፣ ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቶ፣ እጇን ቋቱ ውስጥ ከትታ የዱቄቱን ሙቀት ስትለካ አየ። ቀና ብላ በቅንድቧ ተራህ ነው አለችው። ልጁ ምን ሊሠራ እንደመጣ ጠፋው። እህል እንኳ አልያዘም።

በሳምንቱ ግን ስንዴ ተሸክሞ ከች አለ። የወፍጮ ባለቤት ልጅ እህሉን በትከሻው ተሸክሞ ሰው ወፍጮ ቤት ሲሰለፍ ሰልፈኛው ዝም ይላል ብላችሁ ነው? ምነው የእናንተ ወፍጮ ጥርሱ ረገፈ እንዴ አሉት። እሱም አይ፣ ለእኔ አይፈጭልኝም አለ። እንደዚያ እያለ ክረምትና በጋውን ተመላለሰ። የሚፈጭ ሲያጣ ከራሳቸው መጋዘን እየሰረቀ ያመጣ እንደነበር አውቃለሁ። እሷም አውቃለች፣ ግን ስንዴውን ዘግና ስታየው ንጹሕነቱን አድንቃ ዝም ትላለች።

እናቱ ነገሩን ሰምተው ለብዙ ጊዜ ፊት ነሱት። በመጨረሻ እሺ አሉ። እሺታቸው ግን ማሰሪያ ነበረው፤ ወፍጮው ይሸጥ፣ ልጅቷም ሥራውን ትተው የሚል። ልጁ ያን ዕለት ሞተሩ ጠፍቶ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ግድግዳውን ተደግፋ ስታርፍ አገኛትና የምሥራች ብሎ ነገራት። እናቴ ተስማምታለች፣ አባቴም ወፍጮውን ጥሩ አድርጎ ይገዛዋል፣ አባትሽ ያርፋሉ፣ አንቺም ከዚህ አቧራ ትወጫለሽ አላት። ስጦታ የሚሰጥ ሰው መስሎት ነበር፣ አፉም አልዘጋ አለ።

እሷ ሻሿን ፈታ አራገፈችው።

«ከገዛው በኋላ ምን ያደርገዋል?»

ልጁ ይህን አስቦት አያውቅም ነበር። ውሸት ግን አያውቅበትም። «ይዘጋዋል መሰለኝ» አላት።

አየችው። እስከዚያ ቀን በዓይኗ ያለችውን ሁሉ ያለ አስተርጓሚ ሲረዳ የኖረ ልጅ ያችን አንዲት አስተያየት ምን እንደሆነች አልገባውም። አስብበታለሁ ብላው ገባች። እሱም ደስ ያላትም ያዘነችም መስሎት፣ ልቡ እየተንጠለጠለ ሄደ።

መንገድ ላይ ግን በገዛ ቃሉ አፈረ። «ይዘጋዋል» ያለው ሚዛን የያዘችውን ልጅ ነው፣ ሞተር የያዘችውን ልጅ ነው፣ እሷን ራሷን ነው። እናቴ አንዴ ዱቄቷን ብትቀምስ ሐሳቧን ትቀይራለች ብሎ ቆረጠ። በማግሥቱ የአባቱ እህቶች እቤታቸው ምሳ ተጠርተው ነበር። ዳቦው በወቃሪዋ ዱቄት ይጋገራል፣ እንግዶቹ ያደንቃሉ፣ ያኔ እኔ እናገራለሁ። ሐሳቡ ይህ ነበር። ፍቅር የያዘው ሰው ሐሳብ ሁሌም አልጋ በአልጋ ነው።

ማልዶ ስንዴውን ተሸክሞ ሲደርስ ወፍጮ ቤት የነበረችው ታናሽ እህቷ ብቻ ነበረች። ድንጋዩ የተወቀረው በዋዜማው ነው። እንግዲህ ድንጋይ በተወቀረ ማግሥት መጀመሪያ የሚፈጨው ፍሩሽካ ነው፤ ከንቁሩ ውስጥ የቀረውን የድንጋይ ብናኝ ጠርጎ ይወጣል። ያ ዱቄት ይደፋል፣ ለማንም አይሰጥም። እህትየው ሞተሩን አስነሥታ፣ ቆይ ብላው፣ ፍሩሽካውን ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች። ለምን እንደሚቆይ አልነገረችውም። የወፍጮ ቤት ልጅ ይህን አያውቅም ብሎ ማን ያስባል?

እሱ ግን አያውቅም። በእነሱ ወፍጮ ድንጋይ የሚወቅሩት የቅጥር ሠራተኞች ናቸው፤ እሱ ሲደርስ ሁሉም ነገር አልቆ፣ ተጠርጎ፣ ወፍጮው እያጓራ ነው የሚያገኘው። ታናሽ እህትየዋ ስትመለስ እንድታርፍ ብሎ ስንዴውን አፈሰሰው። እህትየው ፍሩሽካውን ተሸክማ ስትመጣ ግማሹ ወርዷል። ደነገጠች፤ ግን ከእሷ በላይ የሚያውቅ ሰው ነውና ለዶሮ ሊሰጠው ይሆናል ብላ ዝም አለች። እሱ ዱቄቱን ገና እንደሞቀ ተሸክሞ እየሮጠ ሄደ።

ምሳው ላይ የሆነውን ልንገራችሁ? ዳቦው አማረ፣ መዓዛው አወደ፣ ተቆረሰ። የመጀመሪያዋ አክስት ጎረሰችና አቆመች። ሁለተኛዋ ወደ መሐረቧ አጎነበሰች። እናትየው እንግዳ እንዳያፍር ብለው አጥብቀው ሲነክሱ የፊት ጥርሳቸው ቀጭ ብሎ ተሸረፈ። ከባላቸው እህቶች ፊት። ሴት ልጅ ከባሏ ወገኖች ፊት ከምትዋረድ መሬት ብትውጣት የምትመርጥ መሆኑን የሚያውቅ ያውቃል። አፋቸውን በእጃቸው ከድነው ዱቄቱ ከየት እንደመጣ ልጁን ጠየቁት፤ ሲነግራቸውም፣ ያቺ ልጅ አሸዋ አበላችን አሉ።

ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ መንደር ገባ። የወቃሪዋ ዱቄት አሸዋ አለው ተባለ። በማግሥቱ ሰልፉ ሳሳ፣ ከዚያ ወዲያ ጭራሽ ጠፋ። ሞተሩ ቆመ። ሚዛን የያዘችው ልጅ ምንም የሌለበትን ሚዛን ስትወለውል ዋለች። የወቃሪዋ አባት በሩ ላይ ባለችው በርጩማ ቁጭ ብለው የሰው ኮቴ ቢሰሙ ብለው ጆሯቸውን ጣል አድርገው ከረሙ። በመካከሉ ከባለመብራቱ ቤት መልእክት ደረሳቸው። ወፍጮው ይሸጥ እንደሆነ ቅዳሜ የልጁ እናት ራሳቸው መጥተው መልስ ይሰማሉ የሚል ነው። አባቷ ለልጃቸው ነገሯትና፣ ልጄ ደንበኛ ከሌለ ናፍጣውን በምን እንገዛዋለን አሏት።

እህትየው ያኔ ነው ያፈነዳችው። የመጀመሪያውን ያፈሰሰው እሱ ነው፣ ፍሩሽካ ሳላስገባ፣ እኔ ያውቃል ብዬ ነው እያለች አለቀሰች። ወቃሪዋ ክው ብላ ቀረች። የወፍጮ ባለቤት ልጅ፣ ከተወቀረ ድንጋይ የወጣውን የመጀመሪያ ዱቄት ወስዶ እንግዳ ፊት አቀረበ። ወፍጮው ስሙ እንዲጠፋ፣ አባቱ በርካሽ እንዲገዛው። ሌላ ምን ልታስብ? እንደዚያ አስባ፣ ግን ማመን ስላቃታት የባሰ አመማት። ጠልታው ቢሆን እንኳ ይቀላት ነበር።

እሱስ? እሱ ደግሞ ያችን አስተያየት ያስታውሳል። ይዘጋዋል ስላት እንዴት እንዳየችው ያስታውሳል። ተናዳ ሆን ብላ፣ በእህቷ እጅ ቋቱ ውስጥ አሸዋ ጨመረችብኝ፣ ይገባኛልም አለ። ስለዚህ እሱ አልመጣም፣ እሷም አልላከችበትም። ሁለት ሰው እንዲህ እየተዋደደ እንዲህ መጠራጠሩ ያናድዳል። አንዳቸው አንድ ጥያቄ ቢጠይቁ ባለቀ ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። እናትየው የመጡበት መኪና በር ላይ ሲቆም እህል ባይኖረውም ጉድ ለማየት የመጣ ሰው ግቢውን ሞልቶት ነበር። እናትየው ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ወረዱ። ልጃቸው ከኋላቸው፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ። ወቃሪዋ በሩ ላይ ቆማ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠች፤ ወደ እሱ ግን ዞር አላለችም። እሱን ላለማየት አንገቷን እንዴት እንደያዘችው ያየ ሁሉ የምታየው እሱን ብቻ እንደሆነ ያውቃል።

እናትየው በርጩማ ቢቀርብላቸውም አልተቀመጡም። ቀጥ ብለው ወደ ድንጋዩ ሄዱና በጣታቸው ጠርዙን ዳሰሱት። ከዚያ ወደ ግቢው ወጥተው ነጠላቸው ጫፍ ላይ የቋጠሩትን ዱቄት ፈትተው ለሰዉ አሳዩ።

«አሸዋ ብያለሁ፣ ተሳስቻለሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ግቢውን ሞላው። «ተናድጄ ነው ያልኩት። በኋላ ስዳስሰው የድንጋይ ብናኝ ነው። አሸዋ ጣት ላይ ይንከባለላል፣ ይሄ ይቆርጣል። ድንጋዩ ደግሞ ደህና ተወቅሯል፣ እንዲህ ያለ እጅ ካየሁ ቆይቻለሁ። ታዲያ ፍሩሽካ ሳይፈጭበት የኔን እህል ማን ነው ያፈሰሰው?»

እህትየው ወደ ልጁ አየች። ወቃሪዋ አንዲት ቃል ብትናገር ስሟ ይነጻል፣ ወፍጮዋም ይድናል። ጣቷን ወደ እሱ መቀሰር ብቻ ነው የሚጠበቅባት። እህቷን ወደ ኋላዋ ሳበቻትና ወደ ፊት ቀረበች።

«ወፍጮው የኔ ነው እማማ። ከዚህ ቤት የወጣ ዱቄት ጥፋቱም የኔ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ያን ጊዜ ልጁ ቀና አለ። ግራ እንደገባው ሕፃን እናቱን አያቸው።

«ፍሩሽካ ለምንድን ነው የሚፈጨው?» አለ።

ከሰዉ መካከል አንዷ ሳቅ አመለጣት። እናቱ ወደ ልጃቸው ዞሩ፣ አንዴ ልጁን፣ አንዴ ድንጋዩን አዩ። ወቃሪዋም ዞረች። ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ዓይኗን ጣለችበት። አያውቅም ነበር። ይህ የወፍጮ ቤት ልጅ፣ ይህ በየሳምንቱ ጆንያ ሲሸከም የኖረ ሞኝ፣ አያውቅም ነበር። ሆዷ ውስጥ የቋጠረችው ሁሉ ተፈታ፤ ልትስቅም ልታለቅስም ሆነና ሁለቱንም ዋጠችው። እሱም ዓይኗን አይቶ ምን ጠርጥራው እንደከረመች ገባው። እሱ ራሱ የጠረጠራትም አሁን አፈጠጠበት፤ ፊቱ ደም ለበሰ።

«እኔ ነኝ ያፈሰስኩት» አለ ጮክ ብሎ። «ቆይ ተብዬ ነበር። እንድትቀምሺው ቸኩዬ ነው እማዬ። ወፍጮው እንዳይዘጋ ልለምንሽ ነበር።»

እናትየው ወደ ድንጋዩ ዞሩ። ከዚያ ለልጃቸውም ለሰዉም ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው፣ እነሱም ሲጀምሩ የነበራቸው እንዲህ ያለ የናፍጣ ወፍጮ እንደነበር ተናገሩ። ድንጋዩን የሚወቅሩት እሳቸው ነበሩ። መብራት ሲገባ ሠራተኛ ተቀጠረ፣ እሳቸውም አሁን ቁጭ በይ፣ እረፊ ተባሉ። ቁጭ አሉ። ለዚህችም ልጅ ያንኑ የጠየቅኩት ክብር መስሎኝ ነው አሉ። ሆኖም እሳቸው ቃል ይዘው የመጡ ሰው ናቸውና ወደ አባቷ ዞረው፣ እንግዲህ ባለቤቴ መልስ ይጠብቃል፣ ወፍጮው ይሸጣል ወይስ አይሸጥም ብለው ጠየቁ።

አባቷ ከበርጩማቸው ተነሡ። ዕድሜ ልካቸውን «ባለወፍጮው» ተብለው የተጠሩ ሰው ናቸው። ከዚያች መጠሪያ ሌላ ሀብት አልነበራቸውም። በደከመ ዓይናቸው ልጃቸው የቆመችበትን ፈለጉ።

«እኔን ምን ይጠይቁኛል» አሉ። «ባለወፍጮዋን ይጠይቋት።»

ልጅቷ ሲሥቁባት አላለቀሰችም፣ ጥፍሯ ሲጠቁር አላለቀሰችም፣ ሰልፉ ሲጠፋ አላለቀሰችም። አሁን ግን እንባዋ ዱቄት በለበሰው ፊቷ ላይ ወረደ፣ ልትጠርገውም አልቻለችም። ሚዛን የያዘችው ልጅ እጇን ያዘችላት። ከኋላዋ እህቷ፣ ከጎኗ ቋት የያዘችው። እንደዚያ ሆነው ሳያቸው፣ ያ ጠባብ በር በነሱ ልክ የተሠራ መሰለኝ።

«አልሸጥም እማማ» አለች። «ልጅዎን እወደዋለሁ። ይህን በሰው ፊት ስናገር ያፍሩብኝ ይሆናል፣ ግን እወደዋለሁ። ወፍጮውን ግን አልሸጥም።»

እናትየው ወደ ልጃቸው አዩ። የእናቱ ቤት፣ የአባቱ ወፍጮ፣ የሚወርሰው ሁሉ በዚያ አስተያየት ውስጥ ነበር። ልጁ እናቱን አልፎ በሩ ድረስ ሄደ። ደፉ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ከአቧራው አወጣሻለሁ ያልኩት ስድብ መሆኑን አላወቅኩም ነበር» አላት። «አልሽጪ። ከዚህም አትውጪ። እኔን ታስገቢኛለሽ? መውቀር አልችልም፣ ግን ተማር ካልሽኝ እማራለሁ። አባቴ ቢያኮርፍም ያኩርፍ።»

እናትየው ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ። የተሸረፈው ጥርሳቸው ለሰዉ ሁሉ ታየ፣ እሳቸው ግን ግድ አልሰጣቸውም። አባትህን ለኔ ተወው፣ አንተ ልጅቷ የምትልህን ስማ አሉት።

ወቃሪዋ ዞረች። እህቷን አየች፣ ልጆቹን አየች፣ እጃቸውን በርጩማው ላይ ያሳረፉትን አባቷን አየች። ከዚያ ለእሱ ቦታ ለመልቀቅ ከበሩ አንድ እርምጃ ወደ ጎን አለች።

«ግባ» አለችው።